ከአንገረቡ ያላወረድኳቸው ሰው

የመጀመሪያ እርዳታ አስተማሪ መሆኔን ሰው እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። ሱዳን ውስጥ ከመፋዛ አለፍ ብላ ባለችው መንደራችን ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ በኩል ለሚመጡትም፣ እዚሁ ለቀረነውም፣ በየወሩ ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው ዛፍ ሥር አስተምራለሁ። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ እንዴት እንደሚጫን የማሳየው በላስቲክ አሻንጉሊት ነው። «ደረቱ የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ካልገባ ለፋችሁ እንጂ አልረዳችሁም» እላለሁ። «አልጋ ላይ ከሆነ መሬት አውርዱት። የምትጫኑት ደረቱን ነው፣ አልጋውን አይደለም።» እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ የሚያወራ ካለም እቆጣለሁ።

ጎረቤቴ የነበሩት ሽማግሌ በድርቁ ዘመን ድንበር ተሻግረው የመጡ፣ መንደሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። ሳስተምር ከዳር ቆመው ይቀልዱብኛል። «ይኸ ልጅ ዛሬም ላስቲክ ሲያሽ ዋለ» ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎልማሳ ልጃቸው እየሮጠ መጣ። አባቱ ደረቴን አመመኝ ብለው ጋደም እንዳሉ ዝም ብለዋል። ስደርስ አንገረባቸው ላይ ነበሩ፤ በገመድ በተጠለፈው በዚያ የእንጨት አልጋ። አይተነፍሱም። ባለቤታቸው ራስጌ ቆመው እጄን እጄን ያያሉ።

ማውረድ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ረሳሁት ብዬ አልዋሽም። ግን ወለሉ አፈር ነው፣ እሳቸው ደግሞ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። እኒያን የተከበሩ ሰው በሚስታቸውና በልጃቸው ፊት እንደ ጆንያ ጎትቼ አፈር ላይ ባስተኛቸው፣ ሞተዋል ብዬ የፈረድኩ መሰለኝ። ምን ይሉኛል አልኩ። ማንም ግን አንዲት ቃል አልተናገረኝም።

እዚያው መጫን ጀመርኩ። ገመዱ ይረግባል፣ ተመልሶ ይነሳል። ላየው ሰው ጥሩ ይመስላል፤ እጄ ግን ያውቀዋል። ደረታቸው እምብዛም አይገባም፣ የሚወርደውና የሚወጣው አልጋው ነው። ጮክ ብዬ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፣ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ሰጠኋቸው፣ እንደገና ጀመርኩ። አሁንም ቢሆን «እናውርዳቸው» ማለት እችል ነበር። ይህን ካልኩማ ቅድም መሳሳቴ ይታወቃል ብዬ ብሶብኝ እዚያው ላይ በረታሁ። ላቤ ጀለቢያቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

በመጨረሻ ልጃቸው ትከሻዬን ያዘኝ። «ኸላስ፣ ያ አኺ። በቃ ወንድሜ፣ ተወው» አለኝ።

ለቅሶው ላይ ሁሉም አመሰገነኝ። ባለቤታቸው ለመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት እንደለፋልን ባያችሁ» ይላሉ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ቦታ ለቀቁልኝ፣ እኔም ተቀመጥኩ። ቢወርዱም ላይተርፉ ይችሉ ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ እውነትም ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ አልሰጠኝም።

ሁለት ወር ያህል ሰበብ እየፈለግሁ ሳላስተምር ቀረሁ። በሦስተኛው ስጀምር ባለቤታቸው ጥቁር እንደለበሱ መጥተው ከፊት ተቀመጡ። «አልጋ ላይ ከሆነ አውርዱት» የምልበት ላይ ስደርስ ዓይኔን ወደ አሻንጉሊቱ መለስኩ። ዘልዬው ላልፍ ነበር። በዝግታ አልኩት። ቀና ብለው አዩኝ።

ሰው ሲበተን ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ያን ዕለት እኛ ከልክለንህ ነው?»

አዎ ብል ያምኑኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም ሸክሙን የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው። ላንዲት አፍታ ልል ነበር፤ ከሁሉም በላይ የማፍረው በእሷ አፍታ ነው።

«ማንም አልከለከለኝም፣ እናቴ» አልኩ። «እናንተን አፍሬ ነው።»

መሬት ላይ የተጋደመውን አሻንጉሊት ብዙ አዩት። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ በወደድኩ።

«ምነው ብትነግረን» አሉ። «እኔው እግራቸውን ይዤ ባወረድኋቸው።»