አሮጌውን ማን አጠፋው?

አትሳቁብኝና፣ የባለቤቴ እህት ለታይ ለመመረቂያዋ የጻፈችው የኮምፒውተር ፕሮግራም አልሠራ ብሏት ሦስት ቀን አለቀሰች። ማቅረቢያዋ ነገ ነው። ፕሮግራም የምትጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ አሮጌውም አዲሱም ቅጂ ኮምፒውተሯ ላይ ተጭኗል፤ «እንዳትነኪያቸው» ብላኛለች። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የልጄን ፎቶ ላስገባ ብል ኮምፒውተሩ ሞልቷል አለኝ። አዲሱ እያለ አሮጌው ምን ይሠራል ብዬ አጠፋሁት። ወዲያው ያለችኝ ትዝ አለኝ። ልመልሰው ብል ከየት አባቱ!

ለታይ መጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አለች። እኔ ልጄን አቅፌ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እቆማለሁ።

«ዋይ ኣነ! ወይኔ!» ብላ ጮኸች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሠራ! ለካ ፕሮግራሜ እስከ ዛሬ በአዲሱ ፈንታ አሮጌውን እየጠራ ነው እምቢ ያለኝ! ማነው ያጠፋው?»

የስድስት ወር ልጄን ጠቆምኩ።

«በቃ፣ ነገ እሱን ይዤ ነው የምቀርበው!»