የእትዬ አልማዝ ሶፋ

ያን ቀን የፈራሁትን ፍርሃት ለጠላቴም አይስጠው። ዩኒቨርሲቲያችን አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሰጠውን የአመራር ፌሎሺፕ ለማግኘት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ ኑሯችንን የሚያጣራ ሰው ኮልፌ ቤታችን ድረስ መምጣት። ሰውየውን ከታክሲ ፌርማታ ተቀብዬ ይዤው መጣሁ። በሩን ከፈትኩ። ጠዋት ባዶ ትቻት የወጣኋት ቤት ውስጥ ትልቅ ሶፋና ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ተቀምጧል!

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እንግዳ ዱካ ላይ ይቀመጥ? ሶፋውን ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ናቸው ያዋሱኝ። ቴሌቪዥኑንማ ሳልጠይቃቸው ነው ልጃቸውን አሸክመው የላኩልኝ።»

ሰውየው ሶፋውን ዳበስ አድርጎ ጻፈ። ቴሌቪዥኑን አየና ደግሞ ጻፈ። ላብ አጠመቀኝ። ዝም ብል ውሸታም ልባል ነው፤ የተዋስነው ነው ብል እማዬ አንገቷን ልትደፋ ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱን ገለበጠና ቀና አለ።

«እዚሁ ሰፈር አንድ አመልካች ይቀረኛል። ‹ቤታችን መቀመጫ እንኳ የለም› ብሎ ጽፏል። የወይዘሮ አልማዝ ልጅ ነው፤ ቤታቸው የቱ ነው?»