የተደገሙ ልኮች

ሰፈሩ «ጋሼ ሜትር» ይለዋል። ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ነው፤ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ እንደ ከረባት አንጠልጥሎት ይሄዳል። የወንድ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ በቁልፍ ቀራጭና በመነጽር ሻጭ መካከል ተሸጉጣለች። ከሱቋ በላይ በእንጨት ደረጃ የሚወጣባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ፤ መኖሪያ ቤቱ እነሱ ናቸው። ሚስት አላገባም። ለምን እንዳላገባ የሚጠይቁት ሰዎች ነበሩ፤ ዕድሜው ወደ ስልሳ ሲጠጋ ግን ጠያቂዎቹም ተስፋ ቆርጠው ተዉት።

ቢሆንም ብቻውን የኖረ ሰው አልነበረም። ታላቅ እህቱ ባሏ የሞተባት ጊዜ ትንሽ ልጇን አዝላ መጥታ፣ ከዚያ ወዲያ አብራው ኖራለች። «እትዬ» ነው የሚላት። ልጅቷም እዚያው አድጋ፣ አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ሱቁን ወንድምና እህት ሆነው ያዙት፤ እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ የአዝራር ቀዳዳ ትሠራለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ልክ ትመዘግባለች። እሱ ሜትሩን ሰው ላይ ዘርግቶ «ደረት… ወገብ… እጅጌ…» እያለ ሲጠራ፣ እሷ ጥግ ካለው ወንበሯ ሳትነሳ ትጽፋለች። መጀመሪያ በወረቀት ነበር። ኋላ ልጇ ታብሌት ስትልክላት ያን ሁሉ ወረቀት ቁጭ ብላ ወደ ማስታወሻ መተግበሪያ ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ እሷ በታብሌቱ የጻፈችው በእሱ ስልክም በሱቁ ኮምፒውተርም ራሱ ብቅ ይል ጀመር። እንዴት እንደሚናበቡ አልገባውም፣ እንዲገባውም አልሞከረም። እትዬ ታውቀዋለች፤ በቃ።

አንድ ቀን እትዬ ደረጃው ላይ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ልጇ መጥታ «ለጥቂት ጊዜ እኔ ጋ ትሁን» ብላ ወሰደቻት፤ ያ ጥቂት ጊዜ ዓመት አለፈው። እሁድ እሁድ ይደውላል። እትዬ «ደህና ነኝ፣ አንተስ በላህ?» ትለዋለች፤ እሱ «በላሁ» ይላል፤ ከዚያ ስልኩን ለልጇ ታቀብላለች። ያቺ አጭር ንግግር ታቃጥለው ነበር። ሰልችቻታለሁ፣ ልጇ ጋ ደልቷት ረስታኛለች ብሎ አሰበ። ተቀየማት፤ ለማንም ግን አልተናገረም። ሄጄ ልያት ብሎ በተነሳ ቁጥር የሚያስቀረው ሥራ አያጣም።

ምሳውን የመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ይበላል። ራዲዮኑን ጠዋት ከፍቶት ማታ ይዘጋዋል፤ መሐል ላይ ምን እንደተወራ ቢጠየቅ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ የሰው ገላ የሚነካው ልክ ሲወስድ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ሜትሩን የደንበኛው ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ ቁጥሩን ካነበበ በኋላ እጁን ለማንሳት ትንሽ ሲዘገይ ይታወቀዋል።

ችግሩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የአንዱ ደንበኛ ልክ ሁለት ሆኖ አገኘው፤ አንዱ እንደ ወትሮው፣ ሌላው ከስሙ ጎን «ቅጂ» የሚል ተለጥፎበት። አጠፋው። በሌላው ቀን የጠፋው ተመልሶ፣ ሌሎች ጓደኞችም አስከትሎ መጣ። ስልኩ ላይ አጠፋ፤ ኮምፒውተሩ መለሳቸው። ኮምፒውተሩ ላይ አጠፋ፤ ስልኩ መለሳቸው። ለጥቂት ቀናት ጭጭ ይላሉ፤ ደህና፣ ተገላገልኩ ሲል እንደገና በጅምላ ይጎርፋሉ። ቁልፍ ቀራጩ «መተግበሪያውን ነቅለህ እንደገና ጫነው» ብሎ መከረው። ነቅሎ ጫነው፤ ሁለት ሁለት የነበሩት አራት አራት ሆነው አረፉት።

«ደንበኛ እንደ ጉድ በዝቶልኛል፤ የሚለብስ ግን የለም» አለው ለቁልፍ ቀራጩ።

እየቀለደ ቆይቶ ቀልዱ ጠፋበት። ጡረታ የወጣ አንድ ዳኛ ሴት ልጁን ሊድር ሙሉ ልብስ አዞት ነበር፤ ጨርቁንም ሰው ከሩቅ አምጥቶለት ራሱ ነው የሰጠው። ጋሼ ሜትር ልኩን ከኮምፒውተሩ ላይ አይቶ ቆረጠ። ዳኛው ሊሞክር መጥቶ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ ሱሪው ጭኑ ላይ ቀርቷል።

«ስማ እንጂ፣ እኔ ነኝ ያበጥኩት ወይስ ጨርቁ ነው የፈራኝ?» አለ ዳኛው። ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። ጋሼ ሜትር ግን ያን ጨርቅ ፍለጋ ከተማውን አሰሰ፤ የሚመስለውን እንኳ አጣ። በመጨረሻ ያለውን ምርጥ ጥቁር ጨርቅ አውጥቶ እንደ አዲስ ሰፋለት፤ ዳኛውም ለብሶት ልጁን ዳረ። ሆኖም ጋሼ ሜትር ከዚያ ቀን በኋላ መቀስ ባነሳ ቁጥር እጁ ያመነታ ጀመር። የትኛውን ልክ ልመን?

ከመንገዱ ማዶ ስልክ የምትጠግን ሴት አለች። ቀልድ የማትወድ፣ አጉሊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትውል ናት። ስልኩን ይዞላት ሄደ። ስልኩን አየት አድርጋ መለሰችለት፤ አንዱን ብቻ አይቼ ምንም አልልም፣ ማስታወሻው የሚከፈትበትን መሣሪያ ሁሉ አንድ ላይ ልየው አለችው። ከሰዓት ሱቋን ዘግታ እሱ ጋ መጣች። ስልኩንና ኮምፒውተሩን ጎን ለጎን አድርጋ የሁለቱንም መናበብ አቋረጠች፤ ከዚያ «ሙከራ» የምትል አንዲት ቃል ስልኩ ላይ ጽፋ አገናኘቻቸው። ቃሏ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሆና መጣች። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም አንድ። እነዚህ ሁለቱ ጤነኛ ናቸው አለችው፤ ነገሩ ከሌላ ቦታ ነው። ቀጥላ አካውንቱን ከፍታ የገቡበትን መሣሪያዎች አወጣች። ሦስት ነበሩ።

«ሦስተኛው የማን ነው፣ ጋሼ?»

ሌባ ነው ብሎ ደነገጠ። እሷ ግን ስክሪኑን አዞረችለት፤ ታብሌት ነው፣ ያለበት ከተማ ተጽፏል፣ የተከፈተውም ዛሬ ጠዋት ነው። ከተማው የእህቱ ልጅ ያገባችበት ነው፤ ታብሌቱም የእትዬ። መሣሪያዎቹ የሚናበቡት አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ብቻ ይመስለው ነበር።

ጠጋኟ አስረዳችው። ታብሌቱ ያለበት ቤት ኢንተርኔት ዘወትር ያለ አይመስልም። የታብሌቱ ባለቤት ያለ ኢንተርኔት ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ ትቆይና፣ መስመር ሲያገኝ የተጠራቀመውን ሁሉ አንዴ ይልከዋል። እዚህ ያለው ደግሞ በዚያው ጊዜ ተቀይሯል። የትኛው ትክክል እንደሆነ መለየት ስለማይችል ሁለቱንም ያስቀምጣል። በጅምላ የሚመጡትም፣ ቢጠፉ የሚመለሱትም ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ቅጂዎቹ ላይ እሷ የጻፈችው ነገር አለ ማለት ነው?» አለ። እስከዚያ ድረስ ቅጂ ሁሉ አንድ ዓይነት መስሎት፣ ሳያነብ ነበር የሚያጠፋው።

አብረው ማንበብ ጀመሩ። የዳኛው ቅጂ ላይ ያለው ልክ ዳኛው ገና ቀጭን ጠበቃ ሳለ የተወሰደ ነበር፤ እትዬ አዲሱን ሰርዛ ያንን አስገብታ፣ ከሥሩ «ነገ ይወስዳል» ብላለች። ቀጥሎ የአንድ አናጢ ቅጂ መጣ፤ ጋሼ ሜትር ቀብሩ ላይ ቆሟል። «ዛሬ መጥቶ ነበር። እጅጌው ረዝሞብኛል አለ። አሳጥረው» ይላል። ሌላው ላይ፣ «ወንድሜን ላስታውሰው፣ ክር አልቋል»። ሌላው ላይ የአንዱ ደንበኛ ወገብ ብቻ፣ ደጋግሞ ደጋግሞ ተጽፏል። ጠጋኟ አጉሊ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ኪሷ ከተተች። ከዚያ በኋላ ማንም አላነበበም።

በማግስቱ ለእህቱ ልጅ ደወለ፤ እሁድ አልነበረም፤ ልጅቷ ምን ሆኑ ብላ ደነገጠች። ስለ ታብሌቱ ሲጠይቃት ሁሉንም አወጣችው። እናቷ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ታብሌቱን ትከፍትና «ሥራ ገባሁ» ትላለች። እስከ ምሳ ንቅንቅ የለም። ሰው መለየት እያቃታት ነው። እሁድ እሁድ ስልኩን የምታቀብለውም «በላህ?» ካለች በኋላ የሚቀጥለው ስለሚጠፋት ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አጎቴ፣ እርስዎ እዚያ ብቻዎን ነዎት። ብነግርዎ ከማን ጋር ያወሩታል ብዬ ነው።»

ታብሌቱን ደብቁት እንዳይል፣ አንዴ ባትሪው አልቆ አልከፈት ሲላት እንደ ሕፃን አለቀሰች ብላዋለች።

ጠጋኟ ሦስተኛውን መሣሪያ ከአካውንቱ ለማስወጣት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል አለችው፤ ግን ያኔ እዚያ ያለው ማስታወሻ ሁሉ ባዶ ይሆናል። ጋሼ ሜትር አይሆንም አለ። ጥቂት አሰበችና ሌላ መንገድ አመጣች። «እንግዲያው አሮጌውን ለእሳቸው እንተውላቸው። የሚወጡት እርስዎ ይሁኑ።»

እንደዚያው አደረጉ። አስቀድመው ያለውን ሁሉ ቀድተው ለብቻው አስቀመጡ። ከዚያ ከሰዓት ከሰዓት እየተቀመጡ ጥንድ ጥንዱን አስተያዩ፤ የሚያስታውሰውን ለየ፤ የተጠራጠረውን ደንበኛ ደውሎ ጠርቶ እንደ አዲስ ለካ። የጸዳውን በአዲስ አካውንት አስገብተው ስልኩንና ኮምፒውተሩን ወደዚያ አዛወሯቸው። እትዬ በአሮጌው ውስጥ ከነደንበኞቿ፣ በሕይወት ካሉትም ከሞቱትም ጋር ቀረች። ምንም እንደተለወጠ አላወቀችም።

ሥራው ተስተካከለ። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ልክ ብቻ አለው፤ መቀሱም እንደ ድሮው ሳያመነታ ይሄዳል። ጋሼ ሜትር ግን ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ቅጂ ይፈልጋል። ያን ያህል ያበሳጩት የነበሩት፣ ለካ በዚያ ሁሉ ወር ከእሷ የመጡለት መልእክቶች እነሱ ብቻ ነበሩ። ስንቱን ሳያነብ አጥፍቷል። የጸዳውን ስክሪን ቁጭ ብሎ ያየዋል። ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ አይረዳውም።

አንድ ሳምንት ሱቁን ዘጋና ሄደ።

አውቶቡሱ ሲያንገላታው ውሎ ከሰዓት ደረሰ። የእህቱ ልጅ በር ላይ ተቀብላ፣ ሳመችው፣ ሻንጣውን ተቀበለችውና ወደ ውስጥ አስገባችው። እትዬ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። ከስታለች፤ ፀጉሯ ግን በሥርዓት ተበጥሯል። ሲገባ ቀና ብላ፣ ደንበኛ ሲገባ ትለብሰው የነበረውን ያንን ፈገግታ ለበሰች።

«እንደምን ዋሉ? ወንድሜ የለም፣ ጨርቅ ሊገዛ ወጥቷል። አይቆይም፣ ቁጭ ብለው ይጠብቁት።»

የእህቱ ልጅ «እማዬ፣ እሱ እኮ…» ብላ ስትጀምር በእጁ አስቆማት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ፣ እጠብቀዋለሁ» አለ።

ምን ሊያሰፋ እንደመጣ ጠየቀችው፤ ኮት አለ። ልኩን ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አውቃለሁ አለ። ታብሌቱን ጭኗ ላይ አስተካክላ ጠበቀችው። እሱም ያን ሁሉ ዓመት ሲጠራ እንደኖረው «ደረት… ወገብ… እጅጌ…» እያለ የራሱን ልክ ጠራላት። ጣቷ ፊደሉን እየፈለገ ይዘገያል፤ አላጣደፋትም። ስትጨርስ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«የወንድሜን ይመስላል ልክዎ» አለችው። «እሱም እንደርስዎ ትከሻው ጠበብ ያለ ነው።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው ወንድምሽ?»

«ዝምተኛ ነው። ብቻውን መሆን አይወድም፤ ግን አይናገርም። ካልጠየቁት አይበላም።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። መንገዱ ላይ ሰዎች ያልፋሉ፤ ሁሉንም እስኪያልፉ አያቸው። ከጀርባው እትዬ ሌላ ነገር መጻፍ ቀጥላ ነበር፤ ረጅም ነገር። ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ከእንግዲህ ወደ እሱ ሱቅ እንደማይደርስ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይሄዳል። አንዳንዴ ገና ከበሩ «በላህ?» ትለዋለች፤ ያን ቀን ወንድም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ደንበኛ ነው፤ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። የእህቱ ልጅ ወደ እነሱ ጠቅልሎ እንዲመጣ ለምናዋለች፤ አስብበታለሁ ይላታል። ስፌት እንጂ ሌላ የሚችለው የለም፤ የመንገዱንም ሰው ትቶ የት ይሄዳል? ማታ ወደ ሁለቱ ክፍሎቹ ይመለሳል፤ ዝምታው እንደ ድሮው ነው፤ ቅያሜው ግን አብሮት የለም።

ባለፈው ሲሄድ እትዬ ተጨንቃ ነበር ያገኛት። ከወንበሯ ለመነሳት ትታገላለች፤ ወንድሟ ከሄደ ቆየ፣ መሸበት፣ አንድ ነገር ሆኖ ይሆናል ትላለች። ልጇ ልታባብላት ሞክራ አልሆነላትም። ጋሼ ሜትር አጠገቧ ተንበርክኮ እጇን ያዘ።

«መንገድ ላይ አይቼዋለሁ» አላት። «ዕቃ ከብዶት ቀስ እያለ ነው እንጂ፣ እየመጣ ነው።»

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እፎይ አለች፤ «እንዲያ ከሆነ ደህና» ብላ ወንበሯ ላይ ተደላደለችና፣ ሥራዋን ቀጠለች።