የወንድሜ የሎሪያኖ ጠጠር

ወንድሜ ሎሪያኖ ሰው መርዳት የሚባል በሽታ አለበት። ከእናታችን የወረሰው ነው። ለእኔ ደግነቷ አልደረሰኝም፤ የደረሰኝ ምላሷ ብቻ ነው፤ እሱም አላነሰኝም።

ሠላሳ ሦስት ዓመት የማዘጋጃ ቤታችን መንገድ ጠጋኝ ሆኖ ሠርቷል። እዚህ በወይን አገራችን በኪያንቲ በየወይን ማሳው መሐል እየተጠማዘዙ ጫካ የሚገቡት ነጫጭ የጠጠር መንገዶች ሁሉ በእሱ አካፋ ያለፉ ናቸው። ዝናብ ሲጥል ሰው ቤቱ ይገባል፤ እሱ ይወጣል። ቦዩን ይከፍታል፣ ጎርፍ የቦረቦረውን ይሞላል፣ ከርከሮ የቆፈረውን ይደፍናል፣ ከዚያ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቶ የእኔን ወለል ያበላሻል። አስፋልት የሚል ሰው ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። አባታችን በሕይወት ኖሮ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ወፍራም ጎማ ባለው ብስክሌት አቧራችንን ፍለጋ የሚመጣውን ሕዝብ ቢያይ፣ "እኛ ከዚህ ጠጠር ለመገላገል ስንት ተሳልን!" ብሎ ይስቅ ነበር።

ሚስቱ ፎስካ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ብስክሌት ገዝታ መጣች። ሁላችንም ሳቅንባት። እኔማ "አንቺ፣ ቀሚስ አልገባ ቢልሽ ልብስ ሰፊ አለ እኮ!" ብያታለሁ፤ አልክድም። እሷ ግን ዝም ብላ ጋለበች። በየዓመቱ በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ትልቁ የብስክሌት ግልቢያ በእኛ መንደር ያልፋል፤ ስምንት ጊዜ ተሳትፋለች።

በዚያ ጉዞ ላይ በቅሎ አንገዳጋጅ የምንለው ዳገት አለ። ከሽማግሌው ቫስኮ የወይን ማሳ ግርጌ ይነሣና ሦስት ጊዜ ታጥፎ ጫካ ውስጥ ያልቃል። በግልቢያው ቀን የመንደሩ ሰው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ይሰበሰባል። በወይን ጠጅ የራሰና ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ ለጋላቢ እናድላለን፤ የደከመውን ደግሞ ጀርባውን ይዘን እንገፋለን። ይህ ነውር የለበትም፤ ልማድ ነው። ፎስካን ስምንቱንም ጊዜ የገፋት ማን እንደሆነ መናገር አያሻኝም።

ነሐሴ ላይ እኔ ቤት ምሳ እየበላን ቫስኮ፣ "ለፎስካ! ስምንት ጊዜ በቅሎ አንገዳጋጅን ለወጣችው!" ብሎ ብርጭቆውን አነሣ።

ፎስካ ሹካዋን አስቀመጠች። "አልወጣሁም።"

"እንዴት አልወጣሽም? በዓይኔ አይቼ!"

"የወጣው እሱ ነው" አለች፣ በአገጯ ወደ ባሏ እያመለከተች። "እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ ነበር።"

ሎሪያኖ ወደ እሷ ዞረ። "ፎስካዬ፣ እኔ እኮ ላግዝሽ ብዬ…"

"አውቃለሁ። ክፉ ብትሆንማ ገና ድሮ እነግርህ ነበር።" "ዘንድሮ ማንም እንዳይነካኝ። እግሬን መሬት ሳላሳርፍ፣ በራሴ ጉልበት፣ አንድ ቀን መውጣት እፈልጋለሁ። ስልሳ ሳይሞላኝ።"

ቫስኮ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። እኔ እንኳ ሳልቀልድ "ይሁንልሽ" አልኳት፤ ይህ በየዓመቱ የሚሆን ነገር አይደለም።

ወንድሜ ቃሉን ሰጠ። አልነካሽም አለ። ግን መርዳት የለመደ እጅ እንዴት አርፎ ይቀመጣል? ግልቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና አዲስ ነጭ ጠጠር እያመላለሰ ዳገቱን ከግርጌ እስከ ሦስተኛው መታጠፊያ አራት ጣት ውፍረት አለበሰው። ላዩን ጥርስ ባለው መቧጠጫ አስተካከለው። ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር። ከመስኮቴ አይቼ "እሰይ የኔ ወንድም፣ ሙሽራ አስመሰልከው!" ብዬ ጮኽኩለት። እኔም ያው ነኝ፤ በሕይወቴ ያን ዳገት የወጣሁት በትራክተር ብቻ ነው።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ፎስካ ልትለማመድ ወጣች፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ብስክሌቷን እየጎተተች ተመለሰች። ጉልበቷ ደምቷል። ከደሙ ይልቅ ያስፈራኝ ፊቷ ነበር።

"ማነው ይህን ያደረገው?"

ሎሪያኖ ከእኔ ጋር የቤታቸው በር ላይ ቆሞ ቆቡን ያሽከረክራል።

"አንተ ነህ?"

"ጉድጓድ ነበረው እኮ። እንዲለሰልስልሽ ብዬ…"

"ለሰለሰልኝ! ጎማዬ እስከ ግማሹ ገባ! ያልተረገጠ ጠጠር አሸዋ ማለት ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት መንገድ ሠርተህ ይህን አታውቅም?"

"በመኪና ነው የምሄድበት" አለ ቀስ ብሎ።

"ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ያንን ዳገት የወጣሁት ለዚህ ነው? አትንካኝ አልኩህ! እጅህን ብትሰበስብ ደግሞ መንገዱን ነካኸው!" ብላ በሩን በላያችን ዘጋችው።

ቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት ይኼ ነው። ወንድሜ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጠረገ። እኔም አዝኜለት ሰደብኩት፤ ሌላ መንገድ አላውቅም።

"ተነሥ አንተ! ማልቀስ ጠጠር አይደለድልም። መዳመጫው መኪናስ?"

"ሌላው ሸለቆ ነው ያለው። እስከ ማክሰኞ አይመጣም።"

"ጠጠሩን መልሰህ ብታነሣውስ?"

"የበፊቱንም ይዞ ይነሣል። የባሰ ይሆናል።"

ያኔ ነው የወይን ተሳቢዎቹ ትዝ ያሉኝ። ለቀማው የደራበት ሰሞን ነበር። በየቀኑ ወይን የሞላ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር ሁሉ በታችኛው አስፋልት ዞሮ ወደ መጭመቂያው ይሄዳል። በበቅሎ አንገዳጋጅ በኩል ቢወጣስ? የአንዱ ተሳቢ ክብደት ብቻ ስንት በሬ ይሆናል!

አርብ ማለዳ ወንድምና እህት ለልመና ወጣን። መጀመሪያ የሄድነው ቫስኮ ዘንድ ነው።

"አብደሻል ኖርማ?" አለኝ። "በዚያ ዳገት ሲንገጫገጭ ወይኔ መጭመቂያ ሳይደርስ ጭማቂ ይሆናል!"

"መጨረሻው ያው አይደል? ወይኑ ምን አስቸኮለህ ይልሃል እንዴ?"

"ዞር በይልኝ።"

ሎሪያኖ ግን አልቀለደም። "ቫስኮ፣ ሚስቴን በደልኳት" አለው። "አስታርቀኝ።"

ሽማግሌው ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ወደ ትራክተሩ ሄደና "በየትኛው በኩል ነው ጎማዋን የምታስኬደው? በግራ ነው በቀኝ?" ብሎ ጠየቀ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በሁለት ቀን ውስጥ በዚያ ዳገት ያልወጣ ተሳቢ የለም። ሎሪያኖ ከፊት ከፊት በቦቴ ውኃ ያርከፈክፋል፣ ከኋላ እኛ በትራክተር እንረግጣለን። እኔ ራሴ ስድስት ጊዜ ወጣሁ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ይቆጥረዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስተግራና በስተቀኝ ሁለት መስመር እንደ አውድማ ጠንክሮ ወጣ፤ መሐሉ ግን እንደላላ ቀረ። ፎስካ መጣች፣ በጫማዋ መታ መታ አደረገችው፣ ፊቷን እንዳጠቆረች ተመለሰች። ማታ ግን ለባሏ ሾርባ ቀዳችለት።

እሑድ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቆምን። ሎሪያኖ የመጣውን ሁሉ ይገፋል፤ እጁ ሥራ ካልያዘ የሚያብድ ይመስል ነበር። አራት ሰዓት አካባቢ ፎስካ ከታች ብቅ አለች። በግራው መስመር፣ ቀስ እያለች፣ አንገቷን ሰብራ። ወንድሜ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

እኛ ዘንድ ልትደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀራት ከፊቷ የነበረው ጎረምሳ ማርሽ ሲቀይር ሰንሰለቱ ወለቀና እመስመሩ ላይ ዘፍ አለ። ማለፊያ የለም። ፎስካ መሐል ያለው የላላ ጠጠር ውስጥ ገባች። የኋላ ጎማዋ ባዶውን ዞረ። ቆመች ማለት ይቻላል፤ ብስክሌቱ ወዲህ ወዲያ ተወላገደ። ቫስኮ "አይዞሽ!" ብሎ መዳፉን ዘርግቶ ሮጠ።

"እንዳትነካት!" ብሎ ወንድሜ ጮኸ። ዘሎ ሽማግሌውን ወገቡን አቅፎ ያዘው፣ ሁለቱም ቦይ ውስጥ ወደቁ።

ፎስካ ጥርሷን ነክሳ አንድ ጊዜ ረገጠች። እንደገና ረገጠች። ጎማዋ ድንጋይ ያዘ፣ መስመሩ ላይ ተመለሰች፣ ሳታየን አልፋ ጫካው ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለው የዳገቱ መጨረሻ መቶ ሜትር ለእኛ አይታይም። ሎሪያኖ ከቦዩ ወጥቶ ቆመ። "ወጣች ይሆን? ኖርማ፣ ከብስክሌቷ ወርዳ ይሆን?" እያለ እጄን ጨምቆ ሊሰብረው ደረሰ። እኔ ምን አውቃለሁ! ሌላ ጋላቢ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

በድንገት ከላይ አንድ ጋላቢ ሰው ሁሉ በሚወጣበት መንገድ ቁልቁል መጣ። ፎስካ ናት፤ ወጪው ሁሉ "እመቤት፣ መንገድ ተሳሳትሽ!" እያለ ይጮኽባታል። እፊታችን መጥታ ፍሬን ያዘች። ፊቷ አቧራና እንባ ነው።

"ወጣሁ" አለችው።

"እግርሽ መሬት ሳይነካ?"

"ሳይነካ።"

ሎሪያኖ ወደ ዳገቱ ጫፍ አመለከተ። "ታዲያ ለምን ወረድሽ? ገና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይቀርሻል! ያን ሁሉ ዳገት ልትደግሚው?"

"ላንተ ሳልነግርህ የት ልሂድ?" አለችና ብስክሌቷን ወደ ላይ አዞረች። ኮርቻዋ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰጠችው። "በል እንግዲህ፣ ምን ያቆምሃል? አሁን ግፋኝ!"

ወንድሜ እስከ ጫካው ጫፍ ድረስ እየሮጠ ገፋት።