የግራ ዓይኑ ሽፋን

ጥምቀትን አረካ፣ አበልጄ ቤት ውዬ አድሬ ወደ ሶዶ ልመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ረዳቱ ለመጨረሻዋ ወንበር አንድ ሰው እየተጣራ ሳለ ስልኬ ጠራ። የትምህርት ቤታችንን ላቦራቶሪ የሚያጸዱት እናት ናቸው።

«ልጄ፣ የት ነሽ? ያ እባብሽ ዓይኗ ጠፋ» አሉኝ። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ነውና እባቡን አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ ይሉታል። «ከሄድሽ ጀምሮ እንደ ወተት ነጭ ሆነ። አያይም።»

ደነገጥኩ፤ ግን ወዲያው ተረጋጋሁ። ይህን አውቀዋለሁ። እባብ ዓይኑን የምትሸፍን ስስ ነገር አለችው፤ ቆዳውን ሲለውጥ እሷም አብራ ትለወጣለች። ሊለውጥ ሲቃረብ ዓይኑ ለጥቂት ቀናት ደመና ይለብስና ተመልሶ ይጠራል፤ ከዚያ ቆዳው ይወልቃል።

«አይዞዎት እማማ፣ አልታወረም። ብቻ እንዳይነኩት።»

«ውይ!» አሉ።

«ነክተውታል እንዴ?»

«አሳዘነኛ! ቆዳው ደርቆ አመድ መስሎ… ቅቤ ቀባሁት።»

«መቼ?»

«ትናንት። ዛሬም ደገምኩለት። ብርድ እንዳይመታት ደግሞ መስኮቱ ጋ ፀሐይ ላይ አዋልኳት።»

«እባቡን ፀሐይ ላይ?» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «በኢየሱስ ስም!» ብላ ዘንቢሏን ወደ ደረቷ ሳበች። ከአረካ እስከ ሶዶ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

እባቡ የኔ አይደለም። ከላስታ ወጥቼ እዚህ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ በአገሬ፣ ቤት የገባ እባብ መጀመሪያ ይገደላል፣ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ግን የባዮሎጂ መምህራችን ከጣት ቀጥኖ ሳለ ከግቢው ድንጋይ ሥር አግኝቶ፣ መርዝ የሌለው የቤት እባብ መሆኑን አረጋግጦ፣ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ብሎ በመስታወት ሣጥን አሳደገው። አሁን ከክንዴ ይረዝማል። መምህሩ ወገቡን ሊታከም አዲስ አበባ ሲሄድ አደራውን ለኔ ሰጠ። «ምግቡን ማንም ያስታውሳል» አለኝ፣ «የሚረሳው እርጥበቱ ነው። እሱን አደራ።»

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፣ አደራ ከተቀበልሽ ጠብቂው፤ ስም ግን እንዳታወጪለት» አሉኝ። አላወጣሁለትም። ለሌላ ሰው ግን ለመናገር አፈርኩ። የማኅበር እህቶቼ እባብ ታሳድጋለች እንዳይሉኝ ሣጥኑን ወደ ዕቃ ቤቱ ወስጄ መጋረጃ ጣልኩበት። በላዩ ላይ «ዓይኑ ቢነጣ አትደንግጡ» የምትል ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልለጠፍኩም። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል፤ ከቅቤው አይደለም።

ክረምት ቢሆን የዳሞታ ተራራ ጉም ሥራዬን ይሠራልኝ ነበር። ጥር ላይ ግን የሶዶ ነፋስ የሰው ከንፈር ይሰነጥቃል። እኔ ስደርስ ሣጥኑ እንደ ምድጃ ግሏል፣ የውሃ ሳህኑ ደርቋል። ቆዳው ከአፍንጫው ሳይጀምር ከወገቡ ላይ ተቀዶ፣ ቁርጥራጩ ከአቧራና ከቅቤ ጋር ተጣብቋል። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ እንደ ተጨማደደ ላስቲክ ያለ ነገር ነበር። ደመናው ጠርቷል፤ ሽፋኖቹ ግን አልወለቁም።

በማግሥቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው አዩት። ወደ ውስጥ አልገቡም።

«ወላጆች ሰምተዋል። በጤናው ጊዜ ችዬዋለሁ። ዓይነ ስውር እባብ ግን እዚህ ግቢ አላኖርም። እስከ ዓርብ ካልዳነ ለጥበቃው እሰጠዋለሁ።»

ጥበቃው በእጁ ዱላ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ውሃውን እንደ ሕፃን መታጠቢያ በእጄ አንጓ እየለካሁ ለብ አደረግሁና እስከ ሆዱ ብቻ በሚደርስ ሳፋ ውስጥ አኖርኩት። ቅቤውን በረጠበ ጨርቅ ቀስ እያልኩ አነሳሁ። በጾም ቀን እጄ እስከ ክርኔ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ሊያዩ የመጡ ሁለት መምህራን ከኋላዬ ይቀልዳሉ።

«እኛ በሽሮ፣ እሱ በቅቤ!»

«ምን ታለማምጪዋለሽ? ዓይኑ ላይ ያለውን በወረንጦ ላጥ አድርጊው።»

«ከነዓይኑ ቢመጣስ?» አልኩት። ደረቅ ሽፋን የሚጎትት ሰው ከሥሩ ያለውንም እንደሚጎትት የባዮሎጂ መምህሩ ደጋግሞ ነግሮኛል። ወረንጦውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን በአንገቴ ማተብ አሰርኩት፤ ራሴንም አላመንኩም።

እናትየው ከበሩ አልገቡም። መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እኛ ቤት ለደረቀ ነገር ሁሉ ቅቤ ነው» አሉ። «አራስ ይቀባል፣ ሕፃን ይቀባል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝም ይቀባል። እኔ ምን አውቄ?»

«አውቃለሁ እማማ። እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።»

«እሷ አሁን ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«እርጥብ ቦታ። ውሃ የማይቋጥር፣ ግን ቶሎ የማይደርቅ። ሲታሽበት ቆዳውን የሚይዝለት።»

ተገርመው አዩኝ። «ይኼንኑ ነው እንዴ? ቅቤስ ገበያ ድረስ በምን ተጠቅልሎ ነው ሳይቀልጥ የሚሄደው?» ብለው መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወጡ። ሲመለሱ ከጓሯቸው የቆረጡትን የእንሰት ቅጠልና አንድ እቅፍ ቃጫ ይዘዋል። ቃጫውን ነክረው፣ እንደ ቆጮ ጨምቀው፣ ጠብታ እንደማይወጣው አሳዩኝ። ክዳን ባለው ላስቲክ ዕቃ ላይ መግቢያ ቀዳዳ አበጀሁ፤ እሳቸው ውስጡን በቃጫ ሞልተው፣ በቅጠሉ ሸፍነው መስታወት ሣጥኑ ውስጥ አኖሩት። እባቡ ምላሱን ሁለት ሦስቴ አውጥቶ አየሩን ቀመሰና ገባ። «ሎኦ» አሉ በወላይትኛ፤ መልካም ማለታቸው ነው።

ሐሙስን ሙሉ ከሣጥኑ አልራቅሁም። የመስታወቱ ጥግ ላብ ሲይዝ ደስ ይለኛል፤ ላቡ ጠብታ ሆኖ ሲወርድ ደግሞ እደነግጣለሁ፤ ምክንያቱም እርጥበት ሲበዛ የሆዱ ቅርፊት ይቆስላል። አየር እንዲገባ ክዳኑን ፈቀቅ፣ እንዳይደርቅ መለስ፤ እንዲሁ ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ መምህሩ ከሆስፒታል አልጋው ደወለ።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩት።

ውሸት ነበር። ለታመመ ሰው ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነም። የዚያን ቀን የሠርክ ጸሎቴ ከከንፈሬ አላለፈም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ርዕሰ መምህሩ መጡ። ሁለቱ መምህራንም፣ እናትየውም ነበሩ፤ ከኔ ጋር አምስት። ጥበቃው ውጭ ዛፉ ሥር ቆሟል። ከቅጠሉ ሥር ቃጫው ቅሽሽ፣ ቅሽሽ ይላል።

«ልክፈተው?» አለ አንደኛው መምህር።

«ማንም እንዳይከፍት!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

መጀመሪያ አፍንጫው ወጣ። ቆዳው ቃጫው ላይ ተይዞ፣ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወደ ኋላ እየቀረ፣ እሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ከሥሩ የወጣው አካል የተወለወለ ቡና ይመስላል። ወደኛ የዞረው የቀኝ ዓይኑ ጥቁርና ጥርት ያለ ነበር። እናትየው እልል አሉ፣ መምህራኑ ተቃቀፉ። ርዕሰ መምህሩ እንኳ ሁለት እርምጃ ገቡ፤ «በሉ እንግዲህ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆይ» አሉ። ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እጄን ልታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር የወጣሁት ላለቅስ ነበር። ተመስገን ብዬ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ቆዳው አለ፤ የጭንቅላቱ በኩል ግን ተቆርጦ ተወስዷል።

የዚያኑ ዕለት ለመምህሩ ሁሉንም ነገርኩት፣ የሐሙሱን ውሸትም ጭምር። አልተቆጣም። «የጭንቅላቱን ቆዳ ወደ ብርሃን አንሺው» አለኝ፣ «እንደ እጅ ሰዓት መስታወት ያሉ ሁለት ክብ ነገሮች ታያለሽ። ሁለቱም ካሉ ዓይኑ ድኗል። አንዱ ከሌለ ዓይኑ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ በላዩ ይደረብበታል።» ያ ክፍል እንደተወሰደ ብቻ አልነገርኩትም ነበር፤ አሁን ነገርኩት።

የግራ ዓይኑን በባትሪ አየዋለሁ። ከፊት ለፊት ሳየው የጠራ ነው፤ ከጎን ሳየው የደበዘዘ ይመስለኛል። ከዓይኑ ይሁን ከኔ ፍርሃት አላወቅሁም፤ ባላወቅሁት ነገር ደግሞ እጄን አልሰድም።

ስለዚህ ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ለምን እንደወሰዳችሁት አልጠይቅም፤ ለመድኃኒትም ይሁን ለልጅ ማሳያ፣ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ፊቴ መቆም ካሳፈራችሁ፣ እኔም መጋረጃ የጣልኩ ሰው ነኝና ይገባኛል። ወረቀት ውስጥ አድርጋችሁ በዕቃ ቤቱ በር ሥር አስገቡልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ፤ ወደ መስኮቱ አንስቼ ቆጥሬ መልሼ እሰጣችኋለሁ። እንዳታጥፉት ብቻ፣ በቶሎ ይሰበራል።