አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ከጎሮ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ኤርፖርቱ ቅርብ ቢሆንም እማዬ መንገዱ ይዘጋል ብላ በረራዬ አምስት ሰዓት ሲቀረው አስወጣችኝ። ስለዚህ ኤርፖርቱ በር ላይ አልቅሰን ጨረስንና ስለ ጎረቤት አጥር ማውራት ጀመርን። ለሰፈሩ ሁሉ “ልጄ ብርሃን ልታጠና ነው” ብላ ስለነበር፣ ጎረቤቶቻችን ስመለስ የሰፈሩን ትራንስፎርመር እንዳስጠግን አደራ ብለውኛል።

ጀርመን ደረስኩ። እዚህ ፀሐይዋ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም፤ ፈርማ ከቢሮ የምትጠፋ ሠራተኛ ነው የምትመስለው። የመጣሁት ኳንተም ኦፕቲክስ ለሚሉት የብርሃን ፊዚክስ ነው። አዲስ ተማሪ ግን ወዲያው አይመደብም። ሮቴሽን ይሉታል፦ በሦስት ላቦራቶሪዎች ተራ በተራ ጥቂት ሳምንት ትሠራላችሁ፤ ከሦስቱ አንዱ ካልወሰዳችሁ ትምህርቱም ቪዛውም ያበቃል። ሦስት አማት ቤት ገብቶ እንደመታየት ነው።

የመጀመሪያውን ላቦራቶሪ ወደድኩት፤ ምን ልደብቃችሁ። ሥራዬ የሌዘር ጨረር በመስታወት እየመለስኩ ከፀጉር በቀጠነ ፋይበር ውስጥ ማስገባት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ሲገባልኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ፕሮፌሰሩም መጥቶ አይቶ አመሰገነኝ።

በመጨረሻው ቀን ቢሮው አስጠራኝና ከእነሱ ጋር መቀጠል እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ልቤ በደስታ ዘለለች። ግን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? የቀረበ ነገር ላይ ዘሎ መውደቅ ነውር ነው። እኔም እንዳደግሁት “አይ፣ አይቸገሩ፤ ከእኔ የሚሻሉ ይኖራሉ” አልኩና፣ “ኧረ በሞቴ” የሚል ነገር እስኪመጣ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

“ስለ ግልጽነትሽ አመሰግናለሁ” አለኝ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና እጄን ጨበጠኝ።

ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ተመልሼ ሄድኩ። እኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ለወጉ እንደሆነ፣ እውነተኛው መልስ ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ እንደሚመጣ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። “ደግሜ ብጠይቅሽ ማስገደድ ይሆንብኝ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ሥልጠና ሁሉ ወስደናል” አለኝ። ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ ከነጭራሹ አልጠየቀኝም። የሦስተኛው ኃላፊ ሴት ናት፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ “አዎ፣ እፈልጋለሁ” አልኳት። ከእፍረቴ የተነሳ ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም፤ ቪዛዬ ግን ታደሰ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን ኬክ ሲያቀርቡልኝ የምፈልገውን ያህል አነሳለሁ። አንዴ ሲጠይቁ አንዴ መመለስ፣ እውነትም ጊዜ ይቆጥባል።

ባለፈው እሑድ እማዬ ደወለች። ዓይኗን የሞራ ግርዶሽ ይዟት ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ልምጣ ወይ አልኳት።

“አይ ልጄ፣ ምን በወጣሽ። ቀላል ነው ብለውኛል፤ አንቺ ትምህርትሽን ያዢ።”

“እሺ” አልኳት።

መስመሩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ” ስል፣ አለሁ አለች። ጎሮ ስለጣለው ዝናብ ትንሽ አወራችኝና ተሰነባበትን።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ገብቼ መስታወቶቼን ሳስተካክል ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ደወልኩ። እመጣለሁ፣ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ በሞቴ እንዳትከለክዪኝ አልኳት፤ ደጋግሜ ለመንኳት።

“ግድ የለም ልጄ” አለች። “ትናንት እሺ ብለሽኝ የለ።”