ኪስ አልገባ ያለው ማማሰያ

ባለፈው ቅዳሜ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ባለው ቤታችን መጋረጃ ልሰቅል ሜትር ስፈልግ፣ ከዕቃ ሳጥኔ ሥር የድሮ ካሊፐሬ፣ ያቺ ተንሸራታች የብረት መለኪያ፣ ወጣች። መቶ አምስት ሚሊሜትር ላይ በቀይ ቀለም ያሰመርኳት መስመር አሁንም አለች። ልጄ አየቻትና "ዳድ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?" አለችኝ።

"እናትሽን ያገባሁበት ዕቃ ነው" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ቶሮንቶ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስፖንሰር ያደረገችኝ አክስቴ ሬክስዴል ሰፈር ካለው ቤቷ ቤዝመንቱን ለቃልኝ እኖራለሁ። አገር ቤት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ቶርኖ፣ የብረት ቅርጽ ሥራ፣ ተምሬ ስለነበር፣ ከኤርፖርቱ ጀርባ ካሉት ወርክሾፖች አንዱ ቀጠረኝ። ባለቤቱ ዋልተር የሚባል፣ ጉንጩ ከግራሶ ተላቆ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤት ደግሞ የሳምቡሳ ፋክተሪ ነበር። እስከ ዛሬ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲጠበስ ከሸተተኝ ትዝ የሚለኝ ሽጉጥ ነው።

ሥራችን ሽጉጥ ማስረዘም ነበራ! አትሳቁ። የካናዳ ሕግ አፈሙዙ ከመቶ አምስት ሚሊሜትር ያልበለጠ ሽጉጥ፣ ፈቃድ ላለው ተራ ሰው እንኳ አይሸጥም ይላል። ስለዚህ ዋልተር ከውጭ የሚመጡትን ሪቮልቨሮች፣ እነዚያን ከበሮ የሚሽከረከርላቸውን፣ አጭሩን አፈሙዝ ፈትቶ ረዥም ይገጥምላቸዋል። እኔ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ደግሜ እለካለሁ። አገሬ እያለሁ የማውቀው ሰው ለመደበቅ ብሎ መሣሪያ ሲያሳጥር ነው፤ እዚህ ለሚያስረዝም ደሞዝ ይከፈላል። በመጀመሪያው ቀን ዋልተርን "ሁለት ሚሊሜትር ምን ለውጥ ያመጣል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ለሽጉጡ ምንም፤ ለእኔ እስር ቤት" አለኝ።

ይህን ሥራዬን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ምክንያቱም ሰብለን ወድጄ ነበር። ሰብለ ነርሲንግ ትማራለች፤ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። አባቷ ጋሽ ወልዴ ድሮ በሱዳን በኩል በስደት ከመጡት ናቸው፤ የመሣሪያ ስም ሲነሳ ደማቸው ይፈላል። አንድ ልደት ላይ ከአምስት ዓመት ሕፃን የውሃ ሽጉጥ ቀምተው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲከቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ ኡኡ ሲል ኬኩ ሳይቆረስ ተበተንን። እንግዲህ ሽማግሌ የምልከው ለኚህ ሰው ነው።

ሽማግሌዎቼ ሁለት ነበሩ፤ ሦስተኛው ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። አንዱ አፈ ጮሌው የታክሲ ሾፌር አቶ ይልማ፣ ሌላው በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁት ጡረተኛው መምህር ግርማ። ለእነሱ ብቻ እውነተኛ ሥራዬን ነግሬ፣ "ብረታ ብረት ሠራተኛ ነው በሉ፤ በእግዚአብሔር፣ ሌላ እንዳትጨምሩ" ብዬ ለመንኳቸው።

"ለእኔ ተወው!" አሉ አቶ ይልማ። መፍራት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር።

የካቲት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጅ የሚጠየቅለት ሰው ሽማግሌ ተከትሎ አይገባምና ከነሰብለ ሕንፃ በታች የአቶ ይልማ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እበላለሁ። ላይ ቤት የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው።

እንደ ወጉ ሁለቱም በቁማቸው "እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም" አሉ። ጋሽ ወልዴ "ልጁ ሥራው ምንድነው?" ብለው ጠየቁ።

"የሕግ ሰው ነው!" አሉ አቶ ይልማ። "ሽጉጥ እየመረመረ ሕገወጡን ከገበያ ያስወጣል!"

የጋሽ ወልዴ ፊት በራ። "እንዲህ ነው እንጂ ልጅ! በሉ እሺ ብያለሁ፣ ተቀመጡ።" ተቀመጡ። ድፎው ተቆረሰ። መምህር ግርማን ግን የመጀመሪያው ቁራሽ አልወርድ አላቸው።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ በመጨረሻ። "ልጁ ምንም አያስወጣም። የሽጉጥ አፈሙዝ ነው የሚያስረዝመው።"

ጉድ ፈላ! "ያስረዝማል?! ውጡልኝ ከቤቴ!" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ከአፍ የወጣ አፋፍ! እሺ ብለዋል፣ ተቀምጠናል" አሉ አቶ ይልማ፣ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨምድደው። እውነታቸውን ነው፤ እሺ ተብሎ የተቀመጠ ሽማግሌ ተነሣ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል?

ሰብለ ደወለችልኝ። "ቶሎ ና! አባዬ ሽማግሌዎቹን ሊያስወጣ ነው።" ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ሰባት ፎቅ በሩጫ ወጣሁ።

"አንተ ልጅ" አሉኝ ጋሽ ወልዴ ገና በሩ ላይ፣ "ለምንድነው የምታስረዝመው?"

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ደረጃው ላይ ቀርቷል። "ኪስ ውስጥ እንዳይደበቅ ነው፣ ጋሼ" አልኩ እያለከለክሁ።

ጋሽ ወልዴ ማዕድ ቤት ገብተው የእንጨት ማማሰያ ይዘው ተመለሱ። "ሽጉጡ ምን ያክላል? ከነእጀታው አሳየኝ።" ካሊፐሬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ቀዩን መስመር፣ መቶ አምስቱን፣ አሳይቻቸው የአፈሙዙን ርዝመት ማማሰያው ላይ ለካሁ፣ የቀረውን ገምቼ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። ጋሽ ወልዴ ማማሰያውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጭ!

"ማማሰያዬን!" ብለው ጮኹ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ። ማን ሰምቷቸው! ጋሽ ወልዴ ስባሪውን የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ ጫፉ አልገባ ብሎ ወደ ውጭ እንደቀረ፣ ሳሎኑን ወዲያ ወዲህ ይሉበት ጀመር።

"ይታያል?"

"ይታያል" አልን ሁላችንም፣ እንደ ተማሪ።

"በደንብ?"

"ኧረ ይታያል ወልዴ! ምን ጉድ ነው?" አሉ እትዬ በላይነሽ።

ጋሽ ወልዴ ቆሙ። "ወንድሜን የገደለው ልጅ ከኪሱ ነው ያወጣው" አሉ ቀስ ብለው። "ሰላም ሊለው የመጣ መስሎት እጁን ዘርግቶለት ነበር። ቢታየው ኖሮ ይሮጥ ነበር። ሯጭ ነበር።"

እዚያ ደረጃ ላይ ስለ ራሴ ብቻ እየተጨነቅኩ መውጣቴ አሳፈረኝ። ጋሽ ወልዴ አፍንጫቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

"መቶ አምስቱ ላይ አንድ ጣት ጨምርበት።"

"እጨምራለሁ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አንተም ተቀመጥ።"

አፈሙዙ ተለክቶ ተሠርቶ ነው የሚመጣው፤ እኔ የምጨምረው ነገር አልነበረም። በዓመቱ ደግሞ ሥራውን ለቅቄ ሊፍት ጥገና ገባሁ፤ ያ ደረጃ ሳያስተምረኝ አልቀረም። ጋሽ ወልዴ ግን እስኪያርፉ ድረስ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠጋ ብለው "ጨመርክ?" ይሉኝ ነበር። "ጨመርኩ፣ ጋሼ።" በዚህች ውሸት መምህር ግርማም የሚፈርዱብኝ አይመስለኝም።

ስባሪው ማማሰያ እኛ ቤት ነው። ሰብለ ሽሮ ታማስልበታለች፤ ማጠሩ እጇን እያስፈጃት እንኳ አትጥለውም።

ቅዳሜ ዕለት የመጋረጃውን ዘንግ ስቆርጥ፣ እጄ ሳላዘው አንድ ጣት ጨመረ። ሰቀልኩት፤ ጫፉ ከመጋረጃው አልፎ ወጥቶ ቀረ። ሰብለ ማማሰያዋን እንደያዘች ከማዕድ ቤት ብቅ አለች።

"ልቁረጠው እንዴ?" አልኳት። "ይታያል እኮ።"

ቀና ብላ ትንሽ አየችው።

"ተወው" አለችኝ። "ይታይ።"